የፊት ሸራው ሁለት ገመዶች



ጎብዬ ባሕር የላትም። ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች፣ ማሽላና ጤፍ የሚዘራባት፣ ግመልና በሬ አብረው ወደ ገበያ የሚመጡባት የቆላ ከተማ ናት። ውሃችን ከምዕራቡ ተራራ በጎርፍ ይወርድና ሜዳውን አቋርጦ ወደ አፋር ይነጉዳል፤ ባሕር ሳያይ አሸዋው ይጠጣዋል። ሸራም ቢሆን ለእኛ የጭነት መኪና ልብስና የገበያ ጥላ ነው። በጦርነቱ ዘመን ከቤታችን በተፈናቀልን ጊዜ ደግሞ ጣራ ሆኖልናል። ስለዚህ በረቡዕ የቤት ኅብረታችን የሐዋርያት ሥራን ስናጠና ቆይተን ምዕራፍ 27 ላይ ስንደርስ፣ አንዲት እህታችን «ይህን የመርከብ ነገር እንዝለለውና ከማልታ እንቀጥል» ብትል ማንም አልተቆጣትም።

አልዘለልነውም። እንዲያውም ያ ምዕራፍ አምስት ሳምንት ወሰደብን።

ባሕር የለንም እንበል እንጂ ባሕሩ ግን ከቤታችን ሰው ይወስዳል። ከራያ ቆቦ ስንቱ ወጣት የአፋርን በረሃ በእግሩ አቋርጦ፣ ጅቡቲ ኦቦክ ላይ ጀልባ ጠብቆ፣ በየመን በኩል ሳዑዲ እንደገባ ለዚህ አገር ሰው አይነገረውም። ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከወልዲያ ቆቦ ካለው መንገድ ያንሳል። ያች አጭር መንገድ ግን ስንት እናት ማቅ አስለብሳለች። በ2016 ዓ.ም. በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ አጋማሽ፣ ከየመን ይመለሱ የነበሩ ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ጎዶሪያ አጠገብ ተገልብጠዋል፤ በመጀመሪያው ብቻ ከ30 የሚበልጥ ሰው ሞቷል። ከዚያ ቀደም በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ስትመልስ፣ በየሰፈሩ የተመለሰ ልጅ ነበረ። ከተመለሱትም እንደገና የሄዱ አሉ።

በኅብረታችን ውስጥ አንድ ወጣት አለ። ስሙን አንጽፍም። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ሄደ፤ እስር ቤት ከረመ፤ በአውሮፕላን ተመለሰ። ከተመለሰ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ምዕራፍ 27ን በጀመርንበት ምሽት የጸሎት ርእስ ያለው እንዲናገር ሲጠየቅ፣ «እንደገና ልሄድ ነው፤ ጸልዩልኝ» አለ። እናቱ አጠገቡ ተቀምጠው ነበር። አንድም ቃል አልተናገሩም። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ እንጂ።

እንዴት ብለን እንጸልይ? ይህ ቀላል ጥያቄ አልነበረም። ከመካከላችን «ጌታ ሆይ፣ መንገዱን ዝጋበት» ብለን እንጸልይ ያሉ ነበሩ። ሌሎቻችን ደግሞ ጸሎት የእግር ብረት አይደለም፤ ለዐቅመ አዳም የደረሰን ሰው በጸሎት ስም ማሰር አይገባም አልን። እናቱ አንዷን በሬ ሸጠው ለደላላው እንዲከፍሉ ተጠይቀው እምቢ ማለታቸውን፣ የልጁንም መታወቂያ ደብቀው መያዛቸውን የምናውቅ እናውቅ ነበር። ሳንስማማ ወደ ንባቡ ገባን።

ሉቃስ በዚህ ምዕራፍ ነፋስን የሚከታተለው ገበሬ ደመናን እንደሚከታተል ነው። ከሲዶና ሲነሡ ነፋሱ ተቃወማቸው፤ በቆጵሮስ ተጠግተው አለፉ። ብዙ ቀን እያዘገሙ በጭንቅ ቀኒዶስ አንጻር ደረሱ። ከዚያም ነፋሱ አላስኬድ ብሏቸው ወደ ቀርጤስ ወረዱ። መልካም ወደብ በተባለው ስፍራ ጳውሎስ «ይህ ጉዞ ጉዳት አለበት» ብሎ መከራቸው፤ የመቶ አለቃው ግን የመርከቡን መሪና ባለ መርከቡን አመነ። እዚህ ላይ ራሱ ወጣቱ «ደላላውን ሰማ ማለት ነው» አለና ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ።

ዐውሎ ነፋሱ በመጣ ጊዜ መርከቡ ነፋሱን ሊቋቋም እንዳልቻለ ቁጥር 15 ይነግረናል። ከመካከላችን የማብራሪያ መጽሐፍ ያለው አንድ መምህር አለ። ግሪኩ በዚህ ስፍራ የተጠቀመበት ቃል «ዐይን ለዐይን መተያየት» ከሚል የተሠራ ነው ብሎ አስረዳን። መርከቡ ነፋሱን ዐይኑን ሊያየው አልቻለም። ይህን የሰማ ገበሬ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። በአውድማ ላይ ምርት ሲያዘራ ነፋስን ፊት ለፊት የገጠመ ሰው ገለባውን በዐይኑ ይቀበላል፤ ነፋስን በጎን ይዞ መቆም ከልጅነት የሚለመድ ነገር ነው።

መጨረሻ ላይ ቁጥር 40 ላይ ደረስን። መልሕቆቹን ቆርጠው በባሕር ተዉአቸው፤ የመሪዎቹን ማሰሪያ ፈቱ፤ አንድ ሸራ ለነፋሱ ከፍ አደረጉ፤ ወደ ዳርቻውም አቀኑ። ያ ሸራ በግሪኩ «አርቴሞን» ይባላል፤ በአዲስ ኪዳን ውስጥ የሚገኘው እዚህ ብቻ ነው። በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ ትርጉም «ዋናው ሸራ» ብሎት ነበር። ጄምስ ስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ፣ ራሱ ጀልባ ነጂ የነበረ ሰው፣ በ1848 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ጉዞ ባሳተመው መጽሐፍ ግን ዋናው ሳይሆን በመርከቡ ፊት የሚሰቀለው ትንሹ ሸራ ነው ሲል ተከራከረ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ተርጓሚዎችም ይህንኑ ይዘዋል። 276 ነፍስ የጫነ ትልቅ የስንዴ መርከብ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት ፊቱን ያቀናለት ትንሹ ሸራ መሆኑ ነው።

«ትልቁ እያለ ትንሹ ምን ያደርጋል?» አለች ያችው ምዕራፉን እንዝለል ያለችው እህት።

ይህን ጊዜ ነው አያ የተናገሩት። አያ የምንላቸው አባት በወጣትነታቸው ምጽዋ በባሕር ኃይል ያገለገሉ ናቸው። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በ1955 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ጀምሮ ከደጋም ከቆላም ባሕር አይተው የማያውቁ ልጆችን ወስዶ መርከበኛ አድርጓል። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ስትያዝ እንደ አያ ያሉት ከብዙ እንግልት በኋላ ወደየቀያቸው ተመለሱ። አያ ስለ ጦርነቱ አያወሩም። ስለ ልምምድ ጀልባዋ ግን ቢጠየቁ ያመሻሉ።

«ጋቢውን አምጡልኝ» አሉ። የጋቢውን አንድ ጫፍ ከቤቱ ምሰሶ ጋር አሰሩት። በነጻው ጫፍ ላይ ሁለት ሲባጎ ቋጠሩና አንዱን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ ላሉ ልጆች አስያዙ። እህታችንን ሰፌድ አስይዘው «ነፋስ አንቺ ነሽ» አሏት። ያስተማሩንን እንደ ሰማነው እንጻፍላችሁ፤ ባሕር ለማታውቁ ወገኖች ይጠቅማል።

ባለ ሸራ ጀልባ ነፋሱ ወደሚመጣበት በቀጥታ መሄድ አትችልም። ከነፋሱ 45 ዲግሪ ገደማ ዘወር ብላ ግን መሄድ ትችላለች። ስለዚህ መድረሻዋ በነፋሱ በኩል ከሆነ ጥቂት በአንድ ጎን ትሄዳለች፤ ከዚያ ትታጠፍና በሌላው ጎን ትሄዳለች፤ እንደገና ትታጠፋለች። ከወልዲያ ወደ ጋሸና የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ ያየ ሰው ይገባዋል፤ መኪናው ተራራውን ፊት ለፊት አይወጣውም። ጭንቁ ያለው መታጠፊያው ላይ ነው። ጀልባዋ ስትታጠፍ ፊቷ በነፋሱ ትክክል ማለፍ አለበት፤ በዚያች ቅጽበት ሸራዎቿ ሁሉ ባዶ ናቸው፤ የሚገፋት የለም። የምታልፈው ቀድሞ በያዘችው ፍጥነት ብቻ ነው።

ትልቁ ሸራ በታች በኩል አግዳሚ እንጨት አለው፤ ጀልባዋ ስትዞር ራሱ ወደ ሌላው ጎን ይሻገራል። የፊት ሸራው ግን እንዲህ አይደለም። ከታችኛው ጫፉ ሁለት ገመድ ይወጣል፤ አንዱ በምሰሶው ግራ፣ አንዱ በቀኝ ወደ ኋላ ይመጣል። ሁልጊዜ አንዱ ተወጥሮ ሌላው ላልቶ ይቆያል። እነዚህን ገመዶች የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። መሪውን የያዘው «ዝግጁ?» ይላል፤ ገመድ ያዡ «ዝግጁ!» ብሎ ይመልሳል። መልስ ሳይሰማ የሚታጠፍ መሪ የለም። ከዚያ «እየታጠፍኩ ነው» ይልና መሪውን ይገፋል።

አሁን ገመድ ያዡ ምን ያደርጋል? ጀማሪ የሆነ ሰው «እየታጠፍኩ ነው» የሚለውን እንደ ሰማ ይለቃል። ይህ ትልቅ ጉዳት ነው አሉ አያ። ሸራው ገና እየጎተተ ነውና ቀድሞ ከተለቀቀ ጀልባዋ ጉልበቷን ታጣለች፤ ፊቷ ነፋሱ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ከዚያም ወደ ኋላ መንሸራተት ትጀምራለች፤ መሪውም ያኔ በተቃራኒው ነው የሚሠራው። አልለቅም ያለም እንዲሁ ይጎዳል። ፊቷ ነፋሱን ካለፈ በኋላ ገመዱ በአሮጌው ጎን ተወጥሮ ከቀረ ነፋሱ ሸራውን ከጀርባው መትቶ ጀልባዋን ካሰበችበት አልፎ ያዞራታል፤ ትንሽ ከሆነች በጎኗ ያስተኛታል።

እንግዲህ ጊዜው መቼ ነው? ሸራው በፊት ጫፉ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ነፋሱ እየለቀቀው ነው ማለት ነው። የጀልባዋ ፊት በነፋሱ ትክክል ሲያልፍ ነፋሱ ለአንድ አፍታ ሸራውን ከተሳሳተው ወገን ይነካዋል። ያየ ሰው «ተቃወመን» ይላል፤ የለመደ ገመድ ያዥ ግን ያችን አፍታ ይታገሣል፤ ያ ከጀርባ የመጣ ግፊት ፊቷን ወደ አዲሱ ጎን ያግዛታልና። ከዚያ ይለቃል፤ ሙሉ በሙሉ፣ ጣቱ ላይ ሳያስቀር። ወዲያውም ሌላውን ገመድ በፍጥነት ይስባል። ሸራው በአዲሱ ጎን ነፋስ ሳይሞላ የሚሳብ ገመድ ቀላል ነው፤ ከሞላ በኋላ ግን የአንድ ሰው ጉልበት አይበቃውም።

ልጆቹ በጋቢው ሞከሩት። እህታችን በሰፌዱ አራገበች። ሦስት ጊዜ ተበላሸና በአራተኛው ጋቢው ወደ ማዶ ተሻገረ፤ ቤቱ በእልልታ ሞላ። አንድ ገበሬ ወንድማችን «ጥማድ እንደ መመለስ ነው» አለ። ትልሙ ዳር ሳይደርስ ማረሻውን ያነሣ ሰው መሬት ጾም ያሳድራል፤ ካለፈ በኋላ ያነሣ ደግሞ የጎረቤት ወሰን ይገፋል።

(አያ በጨዋታ መካከል የነገሩን ሌላም አለ። በምጽዋ ያዩዋቸው ሳምቡቆች አንድ ትልቅ ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ በረጅም እንጨት ላይ ሰቅለው ነው የሚሄዱት፤ ፊታቸውን በነፋስ በኩል አያሳልፉም። ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው በሰፊው ይዞሩና እንጨቱን ወደ ምሰሶው ማዶ ተሸክመው ያሻግሩታል። መንገዱ ይረዝማል፤ ለእነርሱ ግን እርሱ ይሻላል። በደቡብ ቀይ ባሕር በክረምት ነፋሱ ከሰሜን፣ በበጋ ደግሞ ከደቡብ ነው የሚመጣው፤ የጥንት ባለ ሳምቡቆችም ጉዟቸውን ከዚህ ጋር አስማምተው ወቅት ይጠብቁ ነበር። ወጣቱ ይህን ሲሰማ «የእኛ ጀልባ ሸራ አልነበራትም፤ ሞተር ብቻ ነበራት፤ ሞተሩ ሲጠፋ ሁላችንም ዝም አልን» አለ። ስለዚያ ቀን ሲናገር የሰማነው ያን ጊዜ ብቻ ነው።)

እናቱ አፋቸውን የከፈቱት በሁለተኛው ሳምንት ነው። ወደ ልጃቸው አላዩም፤ አያን ነው የጠየቁት።

«አያ፣ ልቀቂ ሲሉኝ ነው የምለቀው ወይስ እጄ ሲዝል?»

«ሁለቱም አይደለም እቴ» አሉ አያ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ። «ነፋሱ ሸራውን ሲተወው ገመዱ እጅዎ ላይ ይላላል። እጅዎ ያውቀዋል።»

በዚህ ላይ ብዙ ተነጋገርን። በአማርኛችን ነፋስና መንፈስ ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው፤ በግሪኩም አንዱ ቃል ሁለቱን ይይዛል፤ ጌታም ለኒቆዲሞስ በዮሐንስ 3፥8 የነገረው በዚሁ ነው። መንፈስ ቅዱስን ነፋስ ብለን ስንዘምር ወደምንፈልግበት የሚነፍስልን አድርገን እናስበዋለን። የአያ ነፋስ ግን ለማንም ብሎ አይዞርም። ጀልባዋ ከታጠፈች በኋላም ነፋሱ ያው ነፋስ ነው፤ ጎኑን የለወጠው ሸራው ነው። ይህ ለአንዳንዶቻችን ከባድ ነበር። ጦርነቱ እንዲያልፍ፣ መንገዱ እንዲከፈት፣ ኑሮው እንዲረክስ ጸልየናል፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ሲፈረም በእንባ አመስግነናል። ከዚያም ወዲህ አገራችን በሌላ ነፋስ ስትመታ አይተናል። ነፋሱ እስኪቆም ገመድ አልነካም የሚል ሰው መቼ ሊነካ ነው?

ሦስተኛው ሳምንት የክርክር ሳምንት ነበር። በቁጥር 30 እና 31 መርከበኞቹ ከፊት መልሕቅ የሚጥሉ መስለው በታንኳ ሊሸሹ ሲሉ ጳውሎስ «እነዚህ ካልቀሩ መዳን አትችሉም» አለ፤ ወታደሮቹም የታንኳዋን ገመድ ቆርጠው ጣሏት። አንድ ወንድማችን ይህን ይዞ ተነሣ። ወጣቱ ከሄደ ኅብረቱ ይጎዳል፤ መጽሐፉ ራሱ ገመዱን ቁረጡ ይላል፤ ስለዚህ እናቱ መታወቂያውን መደበቃቸው ልክ ነው አለ። መምህሩ ግን አልተቀበለውም። የታንኳዋ ገመድ የተቆረጠው በአደጋ ላይ ያሉትን ጥለው ለሚሸሹ ባለ ሙያዎች ነው፤ ለሚራብ ልጅ አይደለም አለ። በዚህ ምዕራፍ ውስጥ የሚቆረጥ ገመድ አለ፤ የሚፈታ ገመድ አለ፤ መርከቡን ዙሪያውን ለማጠንከር የታሰረበት ገመድም አለ። አንዱን ጥቅስ ይዞ በሌላው ገመድ ላይ መፍረድ አይቻልም። በእኛም አስተያየት መምህሩ ትክክል ነበር።

ክርክሩ ሲሞቅ ያች እህታችን፣ የሰፌዷ፣ አቋረጠችን።

«እናቱ ይልቀቁ አይልቀቁ ትላላችሁ። ያኛውንስ ገመድ ማን ይዞታል?»

ቤቱ ጸጥ አለ። እውነት ነው፤ ሸራው ሁለት ገመድ አለው። አንዱን ለቆ ሌላውን የሚስብ ከሌለ ሸራው በነፋስ እየተማታ ራሱን ይቦጫጭቃል፤ ያ መታጠፍ አይባልም። በየቤተ ክርስቲያኑ «ወጣቶች ሆይ፣ በባሕር አትሂዱ» የሚል ስብከት ይሰማል። መልካም ነው፤ ስንቱን ከሞት ያዳነ ይሆናል። ነገር ግን «አትሂድ» ማለት አሮጌውን ገመድ «ልቀቅ» ማለት ብቻ ነው። በወዲያኛው በኩል ቆሞ ወዲያው የሚስብ እጅ ከሌለ ወጣቱ በነፋሱ ፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል። የእኛ ወጣት ሁለት ዓመት የቆመው እንዲሁ ነበር፤ ሳዑዲም የለም፣ ጎብዬም የለም። ጠዋት ከቤት ይወጣል፤ አስፋልት ዳር ይቀመጣል፤ ማታ ይገባል።

አያን ጠየቅናቸው፦ ጀልባ ቀጥ ብላ ከቆመች በኋላ መውጫ አላት?

«አላት» አሉ። «ያው የፊት ሸራው ነው። አንድ ሰው ይነሣና ሸራውን በእጁ ይዞ ወደ አንድ ጎን ገፍቶ ለነፋሱ ይሰጠዋል። ነፋሱ ያን ሸራ ሲገፋ የጀልባዋን ፊት ይዞት ይዞራል። ከዚያ ይለቅና በትክክለኛው ጎን ይስባል። ሥራው እጅ ያማል እንጂ ጥበብ አይጠይቅም።»

ከዚህ በኋላ ያደረግነውን ስንጽፍ ለመመካት አይደለም፤ ነገሩ ገና አላለቀምና። አንድ ወንድማችን መስኖ የሚደርስበት ትንሽ መሬት አለው፤ በእኩል ሊሰጠው ተስማማ። በቆቦ ሜዳ የከርሰ ምድር ውሃ ወጥቶ ቀይ ሽንኩርት ከተለመደ ወዲህ እንዲህ ያለ መሬት ተፈላጊ ነውና፣ መስጠቱ ቀላል አልነበረም። ሌላው የውሃ ሞተሩን በተራ አዋሰ፤ ናፍጣው ከኅብረቱ መዋጮ ተሸፈነ። ለዘርና ለማዳበሪያ የሚሆነውን ሴቶቹ ከዕቁባቸው አበደሩት፤ አበደሩት እንጂ አልሰጡትም፤ ራሱ ነው እንደዚያ እንዲሆን የጠየቀው። አያ ጠዋት ጠዋት ከቤቱ እየጠሩት አብረው ይሄዱ ነበር። ያልተሸጠችው በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር ተጠምዳ መሬቱን አረሰች።

እናቱ ችግኙ በተዛወረ ሳምንት መታወቂያውን አውጥተው በጠረጴዛው ላይ አኖሩለት። ማንም አላዘዛቸውም። ከእኛ መካከል ደንግጠው «ምነው፣ ትንሽ ቢቆዩ» ያሏቸው ነበሩ። «ገመዱ ላላ» ብለው ብቻ መለሱ። እኛ ያላየነውን ምን እንዳዩ አልጠየቅናቸውም። ምናልባት ከእርሻ ሲመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ውሃ ጠይቆ እግሩን መታጠቡን ይሆናል፤ ምናልባት ሌላ። እናት የምታየው ብዙ ነው።

ሽንኩርት እንደምታውቁት የዋጋው ነገር አይታመንም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያነሣ ገበያው ይሞላና የጆንያው ዋጋ እንኳ አይወጣም። መንገድ ከተዘጋ ደግሞ መኪና አይመጣም፤ ሽንኩርቱም እሜዳ ላይ ይበሰብሳል። ይህን ሁሉ ወጣቱ ያውቃል። በአንድ ወቅት ምርት የሳዑዲን ደመወዝ አገኛለሁ ብሎ የሚያስብ ሞኝም አይደለም። ደላላው አሁንም ይደውላል። አንዳንድ ረቡዕ በጸሎት መካከል ስልኩ ሲንቀጠቀጥ ወደ ውጭ ይወጣል፤ እናቱም ማን እንደደወለ አይጠይቁም። እኛም አንጠይቅም፤ አያ ብቻ ተነሥተው በሩን በትንሹ ክፍት ያደርጉለታል።

እንግዲህ ስትጸልዩ ስሙን ባታውቁትም አስቡት። እናቱንም አስቡ፤ እጃቸው ባዶ ሆኖ መቀመጥ ገና አልለመዱም። ያን መሬት የሰጠው ወንድማችን ልጆች አሉት፤ እነርሱም እያደጉ ነው።

ባለፈው ረቡዕ ምዕራፍ 28 ጀመርን። ሰዎቹ ከባሕር ወጥተዋል፤ ዝናብና ብርድ ስለሆነ የደሴቲቱ ሰዎች እሳት ያነዱላቸዋል፤ ጳውሎስም ጭራሮ ይለቅማል። ወጣቱ አልነበረም። የውሃው ተራ የእርሱ ስለነበረ ባትሪውን ይዞ ወደ ሽንኩርቱ ሄዷል።